ሀች እምቢ ሲል፦ የአውቶካድ ሀች ችግሮችን ከምልክታቸው ተነስቶ መፍታት

ሀች ማለት በአውቶካድ (የንድፍ ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም) በመስመር የታጠረን ቦታ በሰረዝ፣ በነጠብጣብ ወይም በድፍን ቀለም የሚሞላው ነገር ነው። ሀች ባስቸገረ ድሮዊንግ ውስጥ ጥፋቱ ራሱ ሀቹ ላይ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ወሰኑ ነው፤ እሱ ካልሆነ የፋይሉ መለኪያ፣ እሱም ካልሆነ ሥዕሉ ከዜሮ ነጥብ (ከኮኦርዲኔቱ መነሻ) ያለው ርቀት። ስኬሉን (ሰረዙን የሚያሳድገውን ወይም የሚያሳንሰውን ቁጥር) 1፣ 10፣ 100 እያሉ መሞከር ጊዜ ይፈጃል እንጂ ምክንያቱን አይነግርም። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ምልክት ተነስተን ወደ ምክንያቱ እንሂድ።

የኮማንዶቹና የቅንብሮቹ ስም እዚህ በፊደላችን ተጽፏል፤ ኮማንድ ላይን ላይ ግን በእንግሊዝኛ ሆሄያት፣ ቃላቱን አጣብቃችሁ ነው የምትጽፉት። “ኤችፒ” ብለው የሚጀምሩት ሁሉ ሀችን የሚመለከቱ ቅንብሮች ናቸው።

ሀቹ ተሠራ፣ ግን አይታይም

ኮማንዱ ሳያማርር ጨርሶ ስክሪኑ ላይ ምንም ከሌለ መጀመሪያ ፊልሞድን (ሙሌት ይታይ አይታይ የሚለውን ቅንብር) እዩ። ዋጋው 0 ከሆነ 1 አድርጉና ሪጄን (ስክሪኑን እንደገና የሚሥለው ኮማንድ) በሉ። ሪጄን ካላላችሁ ለውጡ አይታይም፤ ብዙ ሰው “ሞክሬው አልሠራም” የሚለው እዚህ ላይ ነው። ፊልሞድ 0 ሲሆን የሚጠፋው ሀች ብቻ አይደለም፤ ውፍረት የተሰጣቸው ፖሊላይኖችም (እንደ አንድ ነገር የተያያዙ መስመሮች) ውስጣቸው ባዶ ሆኖ በጠርዛቸው ብቻ ይታያሉ። ይህን ካያችሁ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ቅንብሩ የሚቀመጠው ከፋይሉ ጋር ስለሆነ ከሌላ ሰው የመጣ አንድ ፋይል ብቻ ሀች አልባ ሆኖ የእናንተው ፋይሎች ደህና መሆናቸው የተለመደ ነው።

ፊልሞድ 1 ሆኖም ካልታየ ሌየሩን (ሀቹ የተቀመጠበትን የሥዕል ንብርብር) ተመልከቱ። ኤችፒ ሌየር የሚባለው ቅንብር አንድ የተወሰነ ሌየር ከተሰጠው፣ አሁን የከፈታችሁት ሌየር የትኛውም ይሁን አዲስ ሀች ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ያ ሌየር ኦፍ ከተደረገ ወይም ፍሪዝ (ከእይታ የታገደ) ከሆነ ሀቹ ተሠርቶም አይታይም። ቅንብሩን ጽፋችሁ ዋጋውን ነጥብ ብታደርጉት ሀች እንደገና በተከፈተው ሌየር ላይ ይሠራል።

ሞዴል (ሥዕሉ የሚሠራበት ገጽ) ላይ ታይቶ ሌይአውት (ለሕትመት የሚዘጋጀው ገጽ) ላይ የሚጠፋ ከሆነ ሁለት ነገር ይፈተሻል፦ ሌየሩ በዚያ ቪውፖርት (ሌይአውቱ ላይ ሞዴሉን በሚያሳየው መስኮት) ብቻ ፍሪዝ መደረጉ፣ ወይም ሀቹ አኖቴቲቭ (መጠኑ ከሕትመት ስኬል ጋር የሚሄድ) ሆኖ የቪውፖርቱ ስኬል ያልተሰጠው መሆኑ። ለሁለተኛው ሀቹን መርጣችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የጎደለውን ስኬል ጨምሩ።

“ወሰኑ አልተዘጋም”

ትልቁ ችግር ይህ ነው። አዳዲሶቹ የአውቶካድ ቨርዥኖች ወሰን ሲያጡ ክፍት የሆኑትን ጫፎች በቀይ ክብ ያመለክታሉ። መልእክቱን ዘግታችሁ ወደየክቡ ዙም አድርጉ፤ ከሩቅ የተገናኙ የሚመስሉ ሁለት መስመሮች ተቀራርበው ሳይነካኩ ታገኛላችሁ። ክቦቹ ሪጄን ስትሉ ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ቦታውን አይታችሁ ሳትጨርሱ ሪጄን አትበሉ።

ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ጥግ ላይ ካልተገናኙ ፈጣኑ መፍትሔ ፊሌት (ጥግ የሚያገናኘው ኮማንድ) ነው፤ ራዲየሱን 0 አድርጋችሁ ሁለቱን መንካት። ብዙ ቁርጥራጭ ከሆነ ፒኤዲት (የፖሊላይን ማስተካከያው ኮማንድ)፣ ከዚያ መልቲፕል፣ ሁሉንም መምረጥ፣ ወደ ፖሊላይን ይቀየር ወይ ሲላችሁ እሺ ማለት፣ ከዚያ ጆይን። ፈዝ ዲስታንስ (የሚዘጋው ክፍተት መጠን) ሲጠይቃችሁ የምትሰጡት ቁጥር ከክፍተቱ ትንሽ ብቻ ይብለጥ። በሚሊሜትር ለተሠራ ወለል ፕላን 2 ወይም 3 ይበቃል። 50 ብትሰጡት የማይገናኙ ጥጎችን ጎትቶ ያገናኝና የግድግዳውን መሥመር ያጣምምባችኋል፤ ይህ ደግሞ የሚታወቀው ልኬት ሲጻፍ ነው።

ክፍተቱን ሳትነኩ ማለፍ ከፈለጋችሁ ኤችፒ ጋፕቶል አለ። ሲጀምር 0 ነው፣ እስከ 5000 ይቀበላል፤ ከሰጣችሁት ቁጥር ያነሰን ክፍተት ሀቹ እንደተዘጋ ይቆጥረዋል። ልብ በሉ፣ ቁጥሩ የሚነበበው በድሮዊንጉ መለኪያ ነው። በሚሊሜትር ፋይል 5 ማለት 5 ሚሊሜትር ነው፤ በሜትር በተሠራ ፋይል ግን ያው 5 የአምስት ሜትር ክፍተት ስለሚሆን በሩንም መስኮቱንም እንደተዘጋ ያየዋል። ለሜትር ፋይል 0.005 ስጡት። በእኛ አስተያየት ጋፕቶል የሰው ፋይል በችኮላ አትሞ ለመስጠት እንጂ ለራስ ሥራ አይመከርም፤ ክፍቱ ጥግ ነገ ስፋት ሲለካ ተመልሶ ይመጣል።

ቀይ ክብ ሳይኖር፣ ሁሉም መስመር ተገናኝቶ ሳለ ወሰን የለም ከተባላችሁ ዜድን (ከፍታውን) ጠርጥሩ። ከቶታል ስቴሽን (የቅየሳ መሣሪያ) የመጣ የቅየሳ ሥዕል ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ከላይ ሲታዩ የሚነካኩ ሁለት መስመሮች አንዱ ጫፉ 2,354.20 ሌላው 2,353.85 ከፍታ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ለሀች እነዚህ የተገናኙ አይደሉም። መስመሩን መርጣችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የመነሻና የመድረሻ ዜድ የሚለውን እዩ። ሁሉንም መስመሮች አንድ ላይ መርጦ ሁለቱንም 0 ማድረግ ይቻላል፤ ለፖሊላይን ደግሞ ኤሌቬሽን የሚለውን 0 አድርጉ። ኤክስፕረስ ቱልስ ያለው አውቶካድ ከሆነ ፍላተን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያነጥፋል። ይህን ሁሉ ግን በፋይሉ ኮፒ ላይ ሥሩ፤ ኮንቱር (እኩል ከፍታ የሚያሳዩ) መስመሮች ከፍታቸውን ካጡ በኋላ ካልተመለሱ ለመቆፈርና ለመሙላት ስሌት አይሆኑም።

የቀሩት ምክንያቶች ቀለል ያሉ ናቸው። ውስጡን በመንካት ስትሠሩ ወሰኑ በሙሉ ስክሪን ላይ ይታይ፤ ግማሹ ከስክሪን ውጪ ከሆነ ፕሮግራሙ ሊስተው ይችላል። የተደራረቡ መስመሮችን በኦቨርኪል አጽዱ። ቦታው ብዙ ቅርጽ ያለበትና የተወሳሰበ ከሆነ ጊዜያዊ መስመር አስምራችሁ ለሁለት ክፈሉት፤ የትኛው ግማሽ እምቢ እንዳለ ወዲያው ይታወቃል፤ እሱንም እንደገና ክፈሉ። ጥሩው ልማድ ግን ቁም ነገር ላለው ቦታ ሁሉ በባውንደሪ ኮማንድ ወይም በእጅ የተዘጋ ፖሊላይን ሠርቶ፣ ውስጡን በመንካት ፋንታ ፖሊላይኑን ራሱን መምረጥ ነው።

ሀቹ ጥቁር ሆነ፣ ወይም አንድ መስመር ብቻ አሳየ

ይህ የስኬል ነገር ነው፣ ስኬል ደግሞ ይሰላል። አውቶካድ ሁለት የፓተርን (የሀች ንድፍ) ፋይሎች አሉት፦ አንዱ በኢንች፣ ሌላው በሚሊሜትር የተሠራ። አንሲ 31 የሚባለው የተለመደው የ45 ዲግሪ ሰረዝ በኢንቹ ፋይል በመስመርና በመስመር መካከል 0.125 ክፍተት አለው፤ በሚሊሜትሩ 3.175። ልዩነታቸው 25.4 እጥፍ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ስኬል ሰጥተው አንዱ ጋ ጥቁር ሌላው ጋ ደህና የሚሆነው ለዚህ ነው።

ፋይሉ በየትኛው እንደሚሠራ ሜዠርመንት ብላችሁ ታውቃላችሁ፤ 0 ኢንች፣ 1 ሜትሪክ ነው። ብትቀይሩት የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ሀች ነው። የቆየውን ሠርዞ በአዲስ መሥራት ይሻላል።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ወረቀት ላይ እንዲታይ የምትፈልጉት ክፍተት ሲባዛ በፕላኑ ስኬል፣ ሲካፈል ለፓተርኑ የራሱ ክፍተት። በሚሊሜትር ለተሠራ፣ በ1፡50 ለሚታተም ቁርጥ፣ በመስመሮቹ መካከል 2 ሚሊሜትር ቢፈለግ፣ 2 ሲባዛ በ50 ሲካፈል ለ3.175 ይሆናል 31.5። በ1፡100 ከሆነ 63። ያው ሥዕል በሜትር ከተሠራ በ1,000 ይካፈላል፤ 0.0315 እና 0.063 ይሆናል። በሜትር ፋይል ስኬሉን 1 ብላችሁ ከተዋችሁት መስመሮቹ በ3.175 ሜትር ይራራቃሉ፤ መኝታ ቤት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት መስመር ቢያርፍ ነው። “ሀቹ አልገባም” የሚባለው ግማሹ ይህ ነው።

ስማቸው በኤአር የሚጀምሩት ፓተርኖች ከዚህ ስሌት ውጪ ናቸው። እነዚህ የተሠሩት በእውነተኛው የዕቃ መጠን ስለሆነ በሕትመት ስኬል አይባዙም፤ በሚሊሜትር ፋይል 1፣ በሜትር ፋይል 0.001 ይሰጣቸዋል። የኮንክሪቱ ኤአር ኮንክ 31.5 ስኬል ቢሰጠው ጠጠሩ ሁሉ ይበታተንና ቦታው ባዶ ይመስላል። ኤአር ቢ816 ደግሞ የ8 በ16 ኢንች ብሎኬት ነው፤ በሚሊሜትር 203.2 በ406.4። እኛ ጋ ያለው ብሎኬት ፊቱ 200 በ400 ስለሆነ ስኬሉን 0.98425 ብታደርጉት ልክ ይመጣል።

“ሀቹ በጣም ጠባብ ነው” የሚል መልእክት ከመጣ የሚሠሩት መስመሮች ብዛት ከተፈቀደው አልፏል ማለት ነው። ገደቡ ኤችፒ ማክስ ላይንስ ውስጥ ነው፤ ሲጀምር 1,000,000 ሲሆን እስከ 10,000,000 ይደርሳል። መጨመር ግን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። 200 በ300 ሜትር የሆነን ግቢ በሚሊሜትር ፋይል ላይ በአንሲ 31 ስኬል 1 ብትሞሉት ከ110,000 በላይ መስመር ይወጣል፤ ነጠብጣብ ወይም ቁርጥራጭ ባለው ፓተርን ሲሆን ቁጥሩ ከዚህም ይሸሻል። ታትሞ ጥቁር ለሚሆን ነገር ኮምፒውተሩን ማስጨነቅ ምን ይረባል? ስኬሉን አስተካክሉ።

ሩቅ ኮኦርዲኔት ላይ የሚበላሽ ሀች

የሳይት ፕላን የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቁት በሽታ ነው። ሀቹ ይቆራረጣል፣ መስመሮቹ ይወላገዳሉ፣ ዙም ባደረጋችሁ ቁጥር ፓተርኑ ቦታ ይቀይራል፤ ወይም በትክክል የተዘጋ ቦታ ወሰን የለውም ይባላል። የኢትዮጵያ ቅየሳ በብዛት በአዲንዳን ዳተም (የመሬት ልኬት መነሻ) በዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር የሚለካ ሥርዓት) ይሠራል፤ አዲስ አበባ ዞን 37 ውስጥ ናት፣ ኢስቲንጓ (የምሥራቅ ቁጥሯ) ከ470,000 ሜትር፣ ኖርዚንጓ (የሰሜን ቁጥሯ) ከ990,000 ሜትር በላይ አካባቢ ነው። ፓተርኑ ደግሞ መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነጥብ ነው። መስመሮቹ ከሚሊዮን የተጠጋ ርቀት ላይ ሆነው በሴንቲሜትር ክፍተት ሲሰሉ የአስርዮሽ ትክክለኛነቱ ይሳሳል። ፋይሉ በሚሊሜትር ከሆነማ ቁጥሩ በሺህ ይባዛል።

ብዙ ጊዜ የሚበቃው መፍትሔ የሀቹን መነሻ ማምጣት ነው፤ ሀች ስትሠሩ ከሪበኑ ላይ ሴት ኦሪጅን የሚለውን ነክታችሁ የወሰኑን አንድ ጥግ ምረጡ። ቀድማችሁ ኤችፒ ኦሪጅንን በዚያው ጥግ ብታስተካክሉ ለሚቀጥሉት ሀቾችም ያገለግላል። የተሠራውንም በሀችኤዲት መነሻውን መቀየር ይቻላል።

ወሰኑ ራሱ አልገኝ ካለ ዩሲኤስ (የኮኦርዲኔት መነሻን የሚያዛውረው ኮማንድ) ብላችሁ የግቢውን ጥግ ምረጡና ኢንተር፤ ሀቹን ሥሩ፤ ስትጨርሱ ዩሲኤስ ዎርልድ ብላችሁ መልሱት። ሥዕሉን ጎትቶ ወደ ዜሮ ማምጣት ፈታኝ ነው፣ ግን አታድርጉት፤ የወሰን ድንጋዮቹ ኮኦርዲኔት ይጠፋል፣ ማዘጋጃ የሚያየው ደግሞ እሱን ነው። ለአዲስ ሥራ ሕንፃውን በራሱ ፋይል ዜሮ አጠገብ ሠርቶ በኤክስሬፍ (አንዱን ፋይል ከሌላው ጋር በማያያዝ) ወደ ቅየሳው ፋይል ማስገባት ከሁሉም ይሻላል። የሕንፃው ሀቾች ሁሉ የሚሠሩት ዜሮ አጠገብ ባለው ፋይል ውስጥ ነው፤ ቅየሳውም ከቦታው አይነቃነቅም።

ስክሪን ላይ ደህና፣ ወረቀት ላይ ሌላ

ግራጫ ሶሊድ (ድፍን) ሀች ጥቁር ሆኖ ከታተመ ሞኖክሮም የሚባለውን የፕሎት ስታይል (የሕትመት ቀለም የሚወስነውን ፋይል) እዩ። እሱ ከ1 እስከ 255 ያሉትን ቀለማት በሙሉ ወደ ጥቁር ይለውጣል፤ 253ን ግራጫ መስሏችሁ ብትመርጡትም ጥቁር ነው የሚወጣው። ሀቹን ትሩ ከለር ከሚለው ክፍል በአርጂቢ ቁጥር ግራጫ ብትሰጡት፣ ለምሳሌ 200፣ 200፣ 200፣ የፕሎት ስታይሉ አይነካውም። ሌላው መንገድ ለአንድ ቀለም ስክሪኒንጉን (ሲታተም የሚኖረውን ድምቀት በመቶኛ) ወደ 30 ወይም 40 ዝቅ ማድረግ ነው፤ ይህን የመረጠ ቢሮ ግን የፕሎት ስታይል ፋይሉን ከድሮዊንጉ ጋር ካልላከ ተቀባዩ ጋ እንደገና ጥቁር ይሆናል።

ትራንስፓረንት ያደረጋችሁት ሀች ጽሑፉን ሸፍኖ ከወጣ የፕሎት መስኮቱ ላይ ፕሎት ትራንስፓረንሲ የሚለው ሳጥን አልተመረጠም። ከተመረጠ በኋላ ሕትመቱ ይዘገያል፣ የፒዲኤፉም መጠን ሊያብጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቀላል ግራጫ በትሩ ከለር ከተቻለ ትራንስፓረንሲን ተዉት። ሀቹ ከጽሑፍና ከልኬት በላይ ካረፈ ሀች ቱ ባክ የሚለው ኮማንድ በድሮዊንጉ ያሉትን ሀቾች በሙሉ ወደ ኋላ ይወስዳቸዋል።

የሰረዝ ሀች ወረቀት ላይ ድፍን ጥላ ከሆነ ስኬሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ምናልባት የመስመሩ ውፍረት ነው። ሀቹ በግድግዳው ሌየር ላይ ከተሠራ የግድግዳውን 0.50 ውፍረት ይወርሳል። ለሀች የራሱን ሌየር ከፍታችሁ 0.09 ወይም 0.13 ስጡት፤ ከላይ ያልነው ኤችፒ ሌየር ለዚህ ሲውል ነው ጥቅሙ የሚታየው።

ፒዲኤፍ ውስጥ ሶሊዱን የሚያቋርጡ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ሲታዩ ዙም አድርጉባቸው። ካልወፈሩ የማሳያው ፕሮግራም የፈጠራቸው ናቸው፤ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይወጡም።

ግድግዳው ሄደ፣ ሀቹ ቀረ

አሶሲየቲቭ (ከወሰኑ ጋር የተያያዘ) ያልሆነ ሀች ወሰኑን አይከተልም። አዲስ የሚሠራው እንዲከተል ኤችፒ አሶክን 1 አድርጉ። የወሰኑ መስመር አንዴ ከተሠረዘ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ያኔ ሀቹን መርጣችሁ ሀች ጀነሬት ባውንደሪ ብትሉ በሀቹ ዙሪያ አዲስ ፖሊላይን ይሠራላችኋል። ሚረር ስታደርጉ የሰረዙ አቅጣጫ እንዳይገለበጥ ሚር ሀች 0 ይሁን።

ብዙ ክፍሎችን በአንድ ኮማንድ ከሞላችሁ ሁሉም አንድ ሀች ይሆናሉ፤ አንዱን ስትሠርዙ ሁሉም ይጠፋል። ኤችፒ ሴፓሬት 1 ሲሆን እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። ለቴክኦፍም (የሥራ መጠን ለማውጣት) ይጠቅማል፦ የሴራሚክ ወለሉን ሀቾች አንድ ላይ ስትመርጡ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ድምር ስፋቱ ይወጣል፤ የሚሊሜትር ፋይል ከሆነ ለ1,000,000 አካፍሉት። የስፋቱ ቦታ ባዶ ከሆነ ወሰኑ ራሱን በራሱ የሚያቋርጥበት ቦታ አለ ማለት ነው።

የራስ ፓተርን ፋይል

ብሎኬት ከ10 ሚሊሜትር ሞርታር ጋር ሲቆጠር ረድፉ 210፣ ርዝመቱ 410 ነው፤ ኤአር ቢ816ን በማሳነስና በማሳደግ ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም። ሦስት መስመር ያለው ፋይል ግን ይበቃል። የመጀመሪያው መስመር ኮከብ ምልክት፣ ወዲያው ክፍተት የሌለው ስም፣ ኮማ፣ ማብራሪያ ነው። የቀሩት ሁለቱ እንዲህ ናቸው፦

0, 0,0, 0,210
90, 0,0, 210,205, 210,-210

ቅደም ተከተሉ የመስመሩ አንግል፣ የመነሻው ነጥብ፣ ለሚቀጥለው መስመር በመስመሩ አቅጣጫ የሚደረገው ሽሽት፣ ከጎን ያለው ርቀት፣ በመጨረሻም የሚሰመረውና የሚዘለለው ርዝመት ነው፤ መቀነስ ምልክቱ መዝለልን ያሳያል። 205 የ410 ግማሽ ስለሆነ የላይኛው ብሎኬት በታችኞቹ ሁለት መሃል ያርፋል።

አውቶካድ ፋይሉ የተበላሸ ነው ካለ መጀመሪያ መጨረሻው ላይ ተመልከቱ፤ የመጨረሻው ቁጥር ተጽፎ ኢንተር ካልተመታ አያነበውም። የፋይሉ ስምና ከኮከቡ ቀጥሎ ያለው ስም አንድ መሆን አለባቸው። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያ ደብቆ ከሆነ ኖትፓድ ከጀርባ የቲኤክስቲ ቅጥያ ጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ፋይሉንም ኦፕሽንስ ውስጥ ባለው የሰፖርት ፋይል መፈለጊያ ዝርዝር ከተጻፉት ፎልደሮች በአንዱ አስቀምጡት። ከሌላ ሰው የመጣ ድሮዊንግ ላይ እንግዳ ፓተርን በደንብ ቢታይ አትገረሙ፤ መልኩ ድሮዊንጉ ውስጥ ተቀምጧል። አዲስ ለመሥራት ግን የፓተርኑን ፋይል ከላኪው መጠየቅ ነው።

ኤክስፕሎድ

ሀች ሲያስቸግር ኤክስፕሎድ ማድረግ (ወደ ነጠላ መስመሮች መበተን) በብዙ ቢሮ የተለመደ ነው፤ ዛሬም ባትለምዱት ይሻላል። አንድ ሀች በሺህ የሚቆጠር ነጠላ መስመር ይሆናል፣ ፋይሉ ይከብዳል፣ ስፋት አይነበብም፣ መልሶም ሀች የሚያደርገው ኮማንድ የለም። ለመቁረጥ ብላችሁ ከሆነ ትሪም በሀች ላይ በቀጥታ ይሠራል። የተበተነ ሀች ያለበት ፋይል ከደረሳችሁ ደግሞ ከቁርጥራጮቹ አንዱን መርጣችሁ ሴሌክት ሲሚላር በሉ፤ በዚያ ሌየር ያሉት ነጠላ መስመሮች ሁሉ ይመረጣሉ። ከመሠረዛችሁ በፊት ሽፍት ይዛችሁ የግድግዳውን መስመሮች ከምርጫው አውጡ፤ ከዚያ ሠርዛችሁ፣ ፐርጅና ኦዲት (ፋይሉን የሚያጸዱና የሚፈትሹ ኮማንዶች) አድርጋችሁ፣ ወሰኑን በተዘጋ ፖሊላይን አስምራችሁ በአዲስ ሙሉት።